ነገ ያለው ግጥሚያ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ እሑድ ከሰዓት የሚካሄድ የሰፈር ቴኳንዶ ውድድር ለለመደው ሰው ተራ ነገር ነው። ቆም ብሎ ላሰበበት ግን እንግዳ ነው። አባት የገዛ ልጁን እጁን ይዞ የሚወስደው እንዲማታ ነው። እናት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጎረቤቷ ልጅ የልጇን ደረት በእግሩ ሲመታ ታያለች፤ ትጮኻለች፣ ትሳቀቃለች፣ ግጥሚያው ሲያበቃ ግን ከያዘችው ውሃ ለሁለቱም ታቀብላለች። ያው ምት በማግስቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቢሰነዘር ሁለቱ ቤቶች ይኳረፋሉ፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ነገሩ ከከረረም ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። እግሩ ያው እግር፣ ደረቱም ያው ደረት ነው። ታዲያ አንዱን ጠብ ሌላውን ጨዋታ ያደረገው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሳያመነታ የሚሰጠው መልስ ደንቡ ነው የሚል ነው። ዳኛ አለ፣ ሰዓት አለ፣ የራስና የደረት መከላከያ አለ፣ ተጋጣሚዎቹም በክብደትና በቀበቶ ተመጣጥነው ይመደባሉ። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግማሽ መልስ ነው እንጂ። ደንብ የሚነግረን እንዴት መማታት እንደሚፈቀድ ነው። ያኛው ሰው ለምን ከነጤናው ወደ ቤቱ መመለስ እንዳለበት ግን ደንብ አይነግረንም። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሱት በአዳራሹ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው ብዬ እሟገታለሁ። በሰፈር ውድድር ላይ ቤተሰብና ወዳጅ የሚገኘው ለማድመቂያ ብቻ አይደለም። ፍልሚያውን ከጠብ የሚለየው ዋናው ነገር የእነሱ መኖር ነው፤ ተፋላሚዎቹ ነገም አንድ መንገድ ላይ እንደሚተላለፉ፣ አንድ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡ በአካል ተገኝቶ የሚያስታውሳቸው ሌላ የለምና።

ደንብ ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት የአውሮፓ መኳንንት ይፋለሙበት የነበረውን የሽጉጥ ግጥሚያ ማስታወስ ይበቃል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህ ፍልሚያ ከዛሬ ስፖርት የማይተናነስ ጥንቅቅ ያለ ሥርዓት ነበረው። እርምጃው ይለካል፣ መሣሪያው ይመረመራል፣ ለእያንዳንዱ ወገን ምስክር ይቆማል። ቅድመ አያቱን ከእኛው ምድር የምንቆጥርለት ሩሲያዊው ገጣሚ አሌክሳንደር ፑሽኪን በ1837 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሴንት ፒተርስበርግ ወጣ ብሎ በረዶ ላይ የቆሰለው ደንቡ አንድም ሳይጓደል በተፈጸመ ፍልሚያ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሞተ። ነገሩን የሚያከብደው ተኳሹ ጆርጅ ዳንቴስ ባዕድ አለመሆኑ ነው፤ ፍልሚያው ሊደረግ ሳምንታት ሲቀሩት የፑሽኪንን ሚስት እኅት አግብቶ ነበር። ስለዚህ ገጣሚውን ደንብም አላዳነውም፣ ዝምድናም አላዳነውም። የጎደለው ምን ነበር? ፍልሚያው ከሚስት ተደብቆ፣ ሊገላግል ከሚችል ሰው ሁሉ ተሰውሮ ከከተማ ውጭ የተደረገ ነው። ምስክሮቹም የቆሙት ሥርዓቱ መፈጸሙን ሊያረጋግጡ እንጂ ሰዎቹ በሕይወት እንዲመለሱ ሊጠብቁ አልነበረም። ሁለቱም ተፋላሚዎች የሚኖሩት ነገ እንደሌለ ሆነው ነው የተሰለፉት፤ ከሁለቱ ለአንዱ እንዳሰበው ሆነ።

የዚህን ተቃራኒ የምናገኘው ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ነው። በሃያ ሦስተኛው መጽሐፍ አኪሌስ ለተገደለበት ወዳጁ ለፓትሮክሎስ የቀብር ውድድር ያዘጋጃል፤ ለሟች ክብር ሲባል ባልንጀሮች ይሮጣሉ፣ በቡጢ ይማታሉ፣ ይታገላሉ። አያስና ኦዲሲዩስ ተያይዘው ማንም ማንን መጣል ሲያቅተው አኪሌስ ራሱ ይነሣና በቃችሁ ይላቸዋል፤ ሽልማቱም እኩል እንዲሆን ያደርጋል። በኋላ ደግሞ አያስና ዲዮሜዲስ ሙሉ ትጥቅ ታጥቀው በጦር ይገጥማሉ። የተነገራቸው ደንብ ቀድሞ ሥጋ ነክቶ ደም ያፈሰሰ ያሸንፋል የሚል ነው። የዲዮሜዲስ ጦር በጋሻው ጠርዝ ላይ አልፎ ወደ አያስ አንገት ሲያነጣጥር ግን ዙሪያውን የቆመው ሠራዊት ለአያስ ይፈራል፤ ይቁም ብሎም ይጠይቃል። ጎራዴው ለዲዮሜዲስ ተሰጠ፤ አያስም አንገቱን ይዞ ተመለሰ። ልብ ማለት የሚገባው ጨዋታውን ያስቆመው የደንብ ጥሰት አለመሆኑ ነው። ደንቡ እንደተነገረ እየተፈጸመ ነበር። ያስቆሙት ነገ ከሁለቱም ጋር አንድ ግንባር ላይ የሚሰለፉ፣ ሁለቱንም የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ተመልካች ከደንብ በላይ ሥልጣን የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው፤ ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ይቁም የማለት መብቱም ፍላጎቱም የለውም።

በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ጫፍ የሱሪ ወጣቶች በረጅም ዱላ የሚያደርጉት ፍልሚያ ለውጭ ተመልካች ልጓም የሌለው ሊመስል ይችላል። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ደሙን ነው። ግን ተጋጣሚን መግደል የተከለከለ ነው፤ ሕይወት ከጠፋም የደሙ ጣጣ የመቺው ብቻ ሳይሆን የዘመዶቹም ነው። ዱላውን የሚያነሳው ክንድ የአንድ ሰው፣ መዘዙ ግን የቤተ ዘመድ ነው። በደጋውም አገር ገና ሲመጣ የሚነገር አንድ አባባል አለ፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ብዙ ጊዜ የሚብራራው ጨዋታ ማዕረግን ያስረሳል ተብሎ ነው። እኔ በተቃራኒው እረዳዋለሁ። ጌታው በጨዋታው መሃል ጌትነቱን የረሳ ቢሆን ኖሮ አትቆጣ ማለት ባላስፈለገ ነበር። ዱላው ቅልጥሙን ሲያገኘው ማን እንደመታው አሳምሮ ያውቃል፤ የመታውም ማንን እንደመታ ያውቃል፤ ሁለቱም በማግስቱ ባለርስትና ጭሰኛ ሆነው እንደሚገናኙ አይጠፋቸውም። አባባሉ ይህን እያወቅህ ቻለው ነው የሚለው። ሆላንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሐን ሁይዚንጋ በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» ጨዋታ ከዕለት ተዕለት ኑሮ በቦታም በጊዜም ተከልሎ የሚኖር ነገር ነው ሲል ጽፏል። ለትልልቅ ስታዲየሞች ይህ አገላለጽ ይስማማል። የሰፈር ውድድር አጥር ግን ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ኑሮ እየሾለከ ይገባበታል። የእኔ ክርክር ደግነቱም ያለው በዚያው ቀዳዳ ነው የሚል ነው።

ይህ ነገር በግልጽ የሚታየው በማሸነፍ ሳይሆን በመሸነፍ ውስጥ ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ኮዶካን የተባለውን ማሠልጠኛ መሥርቶ ጁዶን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ጀማሪ ቀድሞ የሚማረው ሰው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ በክንዱ ምንጣፉን መትቶ፣ ጭንቅላቱን ከመሬት አድኖ መውደቅን። አንገቱ ተይዞ ወይም ክንዱ ተቆልምሞ መውጫ ያጣ ደግሞ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ ያኛውም በዚያው ቅጽበት ይለቃል። መንገድ ላይ በሚነሳ ጠብ ውስጥ ይህ የለም። ተሸንፌያለሁ ያለ ሰው ቃሉ ሳይመነዘር ወዲያውኑ የሚታመንበት ሌላ የሕይወት መስክ ማግኘት ያስቸግራል፤ ፍርድ ቤት እንኳ ይግባኝ አለው። ካኖ ከትምህርቱ መርሆች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ራስንና ሌላውን አብሮ ማበልጸግ የሚለው ሐሳብ ከመፈክርነት አልፎ ሥጋ የሚለብሰው በዚህች መታ መታ ነው።

አሁን በዚህ ላይ ቤተሰብን ጨምሩበት። በማያውቁት ሕዝብ ፊት መሸነፍ ውጤት ነው፤ ተመዝግቦ ይቀራል። በአባት፣ በሚስት፣ በልጅና በልብ ወዳጅ ፊት መሸነፍ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ከሰው ሁሉ አጥብቀን ድካማችንን የምንደብቀው ከእነሱ ነውና። አባት ሥራ ቢለቅ ልጆቹ አይሰሙም፤ ቢበደር ሚስቱ በኋላ ነው የምታውቀው፤ ቢታመም ደህና ነኝ ይላል። ልጆች የአባታቸውን ሽንፈት የሚያዩት ብዙ ጊዜ ሊሸሸግ የማይችል ሲሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሽንፈቱ ከነውር ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በሰፈር ውድድር በአርባ ዓመቱ ቀበቶ ታጥቆ የሚገባ አባት ለልጆቹ የሚያሳያቸው ነገር በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም፦ ሞክሮ፣ ተበልጦ፣ እጅ ነሥቶ፣ ከምንጣፉ ወርዶ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው። ያንኑ ዕለት ማታ ቤት ውስጥ ቃሉ እንደ ቀድሞው ይሰማል፤ ልጆቹም ይህን ሳይነገራቸው ይረዱታል። ሴት ልጅም ስትሆን እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም እንድትጠነቀቅ እንጂ እንድትሞክር እምብዛም በማትበረታታበት ቤት፣ ወድቃ ስትነሳ ወንድሟ ማየቱ ከአሸናፊነቷ በላይ ይሠራል። እዚህ ላይ የቀበቶውን ቀለም ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሐኪሞች ዘንድ ይመጣል። ፍቅር የጭንቅላት ምትን አያለዝብም፤ አንጎል መቺው ዘመድ ይሁን ባዕድ አይለይም ቢሉን ልክ ናቸው። ጃፓን የጁዶ እናት አገር ናት፤ ሆኖም የናጎያ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ርዮ ኡቺዳ ባደረገው ቆጠራ ከ1983 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ውስጥ በትምህርት ቤቶቿ ከ100 በላይ ልጆች በጁዶ ሳቢያ ሞተዋል። አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ እሱን ዘሎ ስለ ፍልሚያ ውበት መጻፍም አይገባም። ግን ሞቱ የት እንደደረሰ እንመልከት። አብዛኛው የደረሰው በውድድር ቀን ሳይሆን በክለብ ልምምድ ላይ ነው፤ ተጎጂዎቹም በብዛት መውደቅ ገና በቅጡ ያልቻሉ ጀማሪዎች ናቸው። ልምምድ ላይ ወላጅ የለም፤ ትልቁ ትንሹን፣ አሠልጣኙ ተማሪውን ደጋግሞ ቢጥል ይብቃ የሚል የለም፤ ይብቃ ማለት ያለበት ልጅ ደግሞ በዚያ የታላላቅና የታናናሽ ሥርዓት ውስጥ አፉ የተያዘ ነው። ነገሩ አደባባይ የወጣው ልጆቻቸው የሞቱባቸውና የተጎዱባቸው ወላጆች በ2010 ማኅበር መሥርተው መናገር ሲጀምሩ ነው። የጃፓን መንግሥት በ2012 የፍልሚያ ጥበባትን በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሲያደርግ ስለ ደኅንነት ሳይከራከር ማለፍ ያልቻለውም ስለዚሁ ነው። ታሪኩን እንዲህ ሳነበው ሐኪሞቹን ተቃውሜ አይደለም። ጭንቅላትን የሚመታ ምት ለልጆች መከልከል አለበት፤ መከላከያ ከማልበስም መከልከል ይሻላል። የምለው አደጋው የበረታው የሚወድ ዓይን በሌለበት ስፍራ ነበር ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ተከራካሪ ያቋርጠኛል። የሚወድ ዓይን ያልከው ራሱ አደጋ ቢሆንስ? ይላል። ማስረጃውም ከዚያችው ከጃፓን ነው። የመላው ጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን ከ2004 ጀምሮ ያካሂድ የነበረውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አገር አቀፍ የግል ውድድር በ2022 ሰርዞታል። ምክንያቱ የልጆቹ ጥፋት አልነበረም፤ የአዋቂዎቹ ነበር። ልጆች ዝቅተኛ ክብደት ውስጥ እንዲገቡ ምግብ ይቀነስባቸው ነበር፤ ወላጆችና አሠልጣኞች ዳኛ ላይ ይጮኹ፣ ልጁን ይሰድቡ ነበር። ነገሩም አዲስ አይደለም። አርስቶትል በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል በልጅነታቸውም ካደጉም በኋላ በኦሎምፒያ ያሸነፉ ሰዎች ከሁለትና ከሦስት እንደማይበልጡ ጠቅሶ፣ ለጋ ዕድሜ ላይ የተጫነ ልምምድ ጉልበትን እንደሚያደርቅ ይከራከራል። የዋንጫ ረሃብ የያዘው አባት ጥንትም ነበረ ማለት ነው። በእኛም አዳራሾች ውስጥ አለ፤ ልጁ ነጥብ ሲያጣ ከወንበሩ ብድግ የሚለው፣ ምንጣፉ ዳር ድረስ የሚመጣው፣ ሲሸነፍ ወደ ቤት ሲሄዱ የማያናግረው።

ይህ ተቃውሞ ሐሳቤን እንዳርም ያስገድደኛል፤ ባርመውም ይጠነክራል እንጂ አይፈርስም። ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ወገን ብቻ የሚያይ ፍቅር ከጥላቻ የማይሻልበት ጊዜ አለ። አገር አቀፉ ውድድር ላይ የተቀመጠው ወላጅ ከሩቅ ከተማ የመጣው ለአንድ ልጅ ብሎ ነው። ያኛው ልጅ ለእሱ ስም የሌለው መሰናክል ነው፤ እናቱን አያውቃትም፣ ነገ አያገኛትም። ኢሊያድ ውስጥ ይቁም ያለው ሠራዊት ግን ሁለቱንም የሚያውቅ ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለሁለቱም የሚሳቀቅ ሰው ነው፤ የሰፈር ውድድር ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ሳይለፋ ያገኛል። የልጇን ተጋጣሚ ክርስትና የበላች፣ የእናቱን ዕቁብ የምትጥል ሴት ልጇን አይዞህ ስትል ድምፅዋ ውስጥ ያኛውን ልጅ ግደለው የሚል ነገር አይገባም። ጨዋነቷ ስለበለጠ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ስላለ ነው። የጃፓኑ ፌዴሬሽን የሰረዘው ይህን ዓይነቱን አለመሆኑም በአጋጣሚ አይደለም።

ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሁለቱንም የሚወድ ሰው እንዴት ይዳኛል? ወንድም ከወንድም፣ ጓደኛ ከጓደኛ ሲገጥም እውነት ይማታል ወይ? ሱሞ ለዚህ መልስ አለው። በአንድ ማሠልጠኛ ቤት የሚኖሩ ታጋዮችና ወንድማማቾች በመደበኛው ውድድር አይገናኙም፤ የሚገናኙት ነጥባቸው እኩል ሆኖ ለዋንጫ ሲደርሱ ብቻ ነው። በኅዳር 1995 ታላቅየው ዋካኖሃናና ታናሽየው ታካኖሃና እንዲህ ተገናኙ፤ ታላቅየው አሸነፈ፤ ሕዝቡም ታናሹ ከልቡ ታግሏል አልታገለም እያለ ለዓመታት ተወዛገበ። ዩክሬናውያኑ ቦክሰኞች ቪታሊና ቭላድሚር ክሊችኮም በአንድ ዘመን የከባድ ሚዛን ቀበቶዎችን ሲቆጣጠሩ እርስ በርስ አልተገናኙም፤ እንደማይገናኙ ለእናታቸው ቃል ገብተው ነበር። ታዲያ ዝምድና ፍልሚያን ሐሰተኛ ያደርገዋል? በእኔ አስተያየት ፍልሚያን የሚያበላሸው ዝምድናው አይደለም፤ እንጀራው ነው። በ2011 የጃፓን ሱሞ ማኅበር የመጋቢቱን ውድድር እስከ መሰረዝ ያደረሰው ግጥሚያ የመሸጥ ቅሌት የተፈጠረው ወንድማማቾች ስለተሳሱ አይደለም። በዚያ ስፖርት በሁለተኛው ምድብ ያለ ታጋይ ደመወዝ አለው፣ አንድ ደረጃ ከወረደ ደመወዝ የለውም፤ አንድ ድል የወር ገቢ የሚያክል ሲሆን ድል ሸቀጥ ይሆናል። የሰፈር ውድድር ሜዳሊያ ለዚህ የሚበቃ ዋጋ የለውም። ከወንድሙ ጋር የሚገጥም ልጅ የሚያጣውም የሚያገኘውም በዚያ ቤት ውስጥ ለሳምንት የሚወራ ወሬ ነው፤ ከልቡ የማይማታበት ምክንያት የለውም። ወንድማማቾች ቤት ውስጥ ሲደባደቡ ያየ ሰው ደግሞ ይሳሳሉ የሚለውን ሥጋት ከቁብ አይቆጥረውም።

ዳኛን በተመለከተ ቴኳንዶ ራሱ ብዙ ደክሟል። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ በውጤት አሰጣጥ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ተነሥቶ፣ ኩባዊው አንኼል ማቶስም ዳኛውን ፊቱ ላይ በእግሩ መትቶ ዕድሜ ልክ ከታገደ በኋላ፣ በ2012 ለንደን ላይ ነጥብ የሚቆጥር ኤሌክትሮኒክ የደረት መከላከያ ገባ። አድልዎው ቀነሰ፤ ብዙ ተመልካቾች ግን መሣሪያው የሚወደው የእግር መነካካት እንጂ ምት አይደለም ብለው ማማረር ጀመሩ። መሣሪያን አልጠላም። የማይተዋወቅ ሰው መተማመን ሲያቅተው መሣሪያ ይገዛል፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን በትልልቅ መድረኮች የምናየው የመተማመኛ ዕቃ ሁሉ፣ ሴንሰሩም፣ የቪዲዮ ምርመራውም፣ የአበረታች መድኃኒት ምርመራውም፣ በትንሿ አዳራሽ ውስጥ መተዋወቅ በነጻ የሚሰጠውን ለመተካት የተገዛ ነው። ትልቁ መድረክ ከትንሹ የሚማረው ነገር ስለመኖሩ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። በ1964 ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ፣ በቶኪዮው ኒፖን ቡዶካን ሆላንዳዊው አንቶን ኼሲንክ በክብደት በማይገደበው ምድብ አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ አሸነፈ። ለአስተናጋጇ አገር መራር ነበር። ደጋፊዎቹ በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ ኼሲንክ እጁን ዘርግቶ መለሳቸው፤ ተነሥቶም ለተሸነፈው እጅ ነሣ። ሰውየው ከዚያ በፊት ጃፓን ውስጥ ብዙ ተለማምዷል፤ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ላብ ያፈሰሰና ነገም የሚመለስ ሰው ነበር። ከሆላንድ የመጡት ደጋፊዎች የደስታቸውን ልክ አያውቁም፤ እሱ ግን ያውቀዋል።

የሚቀረው ተቃውሞ ከሁሉም ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ነው። ነገ ያለው ግጥሚያ ብዬ የምከራከርለት ነገር ነገን የጋራ ያደረገ ሰፈር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ግን እንዲህ ያለ ሰፈር እያነሰባት ነው። የመሃል ከተማው መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ የካ አባዶ ሄዷል፤ ጎረቤትን የሚመርጠው ዕጣ ነው፣ በር ሲዘጋ ደግሞ ጎረቤትም የለም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚካሄድ ውድድር በስሙ የሰፈር ቢሆንም በመንፈሱ እንደ አገር አቀፉ ባዕዳን የሚገናኙበት ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ እያየ። ፍልሚያው ራሱ መተዋወቅን ይፈጥራል የሚሉ አሉ። የጥንቱ ታሪክ ጀግኖች ጊልጋመሽና ኤንኪዱ ታግለው አይደል ወዳጅ የሆኑት ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ያ ታሪክ ትግሉ ላይ አያበቃም። ወዳጅነታቸው የጸናው ከዚያ በኋላ አብረው ረጅም መንገድ ስለሄዱ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ተገናኝቶ፣ ዋንጫ ወስዶ፣ በየሚኒባሱ የሚበተን ውድድር ይህን መንገድ አይከፍትም። ክለቦች ለዋንጫና ለባነር ከሚያወጡት ገንዘብ ከፊሉን የተሸነፈው ክለብ በሚቀጥለው ወር አሸናፊው አዳራሽ ሄዶ የሚለማመድበት የትራንስፖርት ወጪ ቢያደርጉት፣ ወላጆችንም በየክለቡ ለይተው ከማስቀመጥ ይልቅ የሁለቱን ተጋጣሚዎች ቤተሰቦች ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ፣ ዕጣ ያመጣው ጎረቤት ቀስ በቀስ ለሁለቱም ልጆች መሳቀቅ ይጀምር እንደሆነ ማየት ይቻላል። ሁለት ሦስት ዓመት ተሞክሮ ያ ወላጅ አሁንም ምንጣፉ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ሐኪሞቹን ልንሰማቸው፣ ውድድሩንም እንደ ጃፓኖቹ ልንሰርዘው ይገባል።